መሪጌታውን «አባባ»፣ ኃላፊውን «ክቡር»

ባሕር ዳር ውስጥ መድረክ እመራለሁ። ምርቃት፣ የፕሮጀክት ማስጀመሪያ፣ ዐውደ ጥናት፣ አልፎ አልፎም ሰርግ። የሥራዬ ትልቁ ክፍል ስም መጥራት ነው። ማን ቀድሞ ይጠራል፣ ማን ፊት ይቀመጣል፣ ከስሙ በፊት ምን ይባላል፣ ይሄ ሁሉ የኔ ሐሳብ ነው። ዛሬ ልጽፍ የፈለግሁት «ክቡር» ስለሚባለው መጠሪያ ነው። ለብዙ ሰው የወግ ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን አምርሬ የምይዘው ነገር ነው፤ አንድ ከተማ ማንን እንደሚያከብር ማወቅ የፈለገ ሰው የመድረክ መሪውን ወረቀት ቢያይ ይበቃዋልና።

ወረቀቱ የሚመጣው ፕሮግራሙ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነው። በኮምፒውተር የተጻፈ የእንግዶች ዝርዝር ነው። ከዚያ እንግዶች መግባት ሲጀምሩ አዘጋጁ መልሶ ይወስደውና በእስክሪብቶ ያርመዋል። «እሳቸው ቀሩ፣ በሳቸው ፋንታ ምክትላቸው መጥተዋል።» «ይሄኛውን ወደ ላይ አውጪው።» እስከዚህ ድረስ ችግር የለብኝም፣ የየቀኑ ሥራ ነው። አንድ ጊዜ ግን ሐይቁ ዳር ካሉት አዳራሾች በአንዱ ውስጥ ወረቀቱ ታርሞ ሲመለስልኝ ከስሞቹ ሁሉ ፊት በሰማያዊ እስክሪብቶ «ክቡር» ተጨምሮበታል። ኃላፊው ክቡር። ምክትላቸው ክቡር። የቡድን መሪው ክቡር። ስፖንሰር ያደረገው ድርጅት የሽያጭ ሠራተኛ ክቡር። አንዳንዱ ስም ጋ ቦታ ስላልበቃ ቃሏ ተጨንቃ፣ ወደ ጎን ተዘንብላ ነው የገባችው። እና ዝርዝሩ ታች፣ ብቻውን፣ «ቅኔ አቅራቢ አባባ» ይላል። ስም የለ፣ ማዕረግ የለ።

ሰውየውን አውቃቸዋለሁ። መሪጌታ ናቸው። ከቅኔው ቤት ወጥተው ዜማውን፣ አቋቋሙን ተምረው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው። አዘጋጁን ጠጋ ብዬ «መሪጌታ እኮ ናቸው» አልሁት። «ችግር የለውም፣ አባባ ብትያቸውም ቅር አይላቸውም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቅር አይላቸውም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በማዕረጉ ካልተጠራሁ ብሎ አይጣላም። ግን እኮ ነገሩ እሱ ላይ ነው! የማይጣላውን ሰው ማዕረግ ነው የምንጥለው። የሚጣላውንማ፣ የሚቆጣውን፣ ነገ ፊርማው የሚያስፈልገንን ሰው ሁለቴ ሦስቴ እናከብረዋለን።

መድረክ ላይ ስወጣ «መሪጌታ» ብዬ ከነስማቸው፣ ከነትምህርታቸው ጠራኋቸው። አዳራሹ አጨበጨበ። በዚህ ምክንያት የተቆጣኝም ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ቃሉ ልመለስ። «ክቡር» ከግዕዝ የመጣ ነው። ለወንድ ክቡር፣ ለሴት ክብርት፣ ለብዙ ወንዶች ክቡራን፣ ለብዙ ሴቶች ክቡራት። በንጉሡ ዘመን ቦታው የታወቀ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ «ግርማዊ» ናቸው። ልጆቻቸውና የቅርብ ዘመዶቻቸው «ልዑል» እና «ልዕልት» ይባላሉ። ሚኒስትሩና አምባሳደሩ «ክቡር»። በቤተ ክርስቲያን በኩል ደግሞ ጳጳሱ «ብፁዕ»፣ ፓትርያርኩ «ብፁዕ ወቅዱስ» ይባላሉ። እያንዳንዱ መጠሪያ የራሱ ደረጃ አለው፣ ከደረጃው አይወርድም፣ አይወጣም። በዲፕሎማሲውም ዓለም እንዲሁ ነው። ለአገር መሪ፣ ለሚኒስትር፣ ለአምባሳደር የሚሰጥ መጠሪያ አለ፣ እኛ «ክቡርነትዎ» የምንለው። አምባሳደሩን ክቡርነትዎ ስንለው ግለሰቡን እያሞካሸነው አይደለም። የላከውን አገር ነው የምናከብረው። ወንበሩ ነው ክቡር የሚባለው።

ይሄን ከያዝን ጥያቄው ቀላል ነው። የቡድን መሪ ወንበር የማንን አገር ወክሎ ነው ክቡር የሚባለው? የሽያጭ ሠራተኛውስ? መልካም ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሥራቸውን የሚያከብሩ። ሰው ሁሉ በሰውነቱ ክቡር ነው፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። መድረክ ላይ ከስም ፊት የሚገባው «ክቡር» ግን የደረጃ ምልክት ነው፣ ምልክት ደግሞ ለሁሉም ከተሰጠ ምንም አያመለክትም። አዳራሽ ውስጥ ክቡር ያልተባለ ሰው ከሌለ እውነተኛው ሚኒስትር ሲመጣ ምን ልንለው ነው? ሰው ለዚህም መላ አግኝቷል፤ «እጅግ የተከበሩ ክቡር» የሚል ወረቀት በእጄ ገብቶ ያውቃል።

እዚሁ ባሕር ዳር የጣና ፎረም የሚባለው የአፍሪካ የጸጥታ ጉባኤ በ2004 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ ምን ነበር? መሪዎችና የቀድሞ መሪዎች እንደ አገር ሽማግሌ ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ ያህል ከወግና ከፕሮቶኮል ቀለል ብለው እንዲነጋገሩ ነው። ክቡር መባል የሚገባቸው ሰዎች ቀለል ማለት ፈለጉ። በዚያው ከተማ፣ እዚያው ሐይቅ ዳር፣ የአንድ ክፍል የሩብ ዓመት ግምገማ ላይ «ክቡር» ሳይባል መብራት አይበራም።

የድሮዎቹን ማዕረጎች ሳስብ የሚገርመኝ ነገር አለ። አብዛኞቹ ሥራ ናቸው። ፊታውራሪ ከጦሩ ፊት የሚመራ ነው። ቀኛዝማች የቀኙን ክንፍ፣ ግራዝማች የግራውን ያዘምታል። ባላምባራስ አምባ የሚጠብቅ። ነጋድራስ የነጋዴው አለቃ፣ በጅሮንድ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ፣ አፈ ንጉሥ ዳኛ። ሰውየውን ስትጠራው ጥይት ሲተኮስ የት እንደሚቆም፣ ገንዘብ ሲጠፋ ማን እንደሚጠየቅ አብረህ ትናገራለህ። በኋላ ዘመን እነዚህም ቢሆኑ ጦር ሳይመሩ የሚሰጡ የክብር ስም እየሆኑ መጡ፤ ቢሆንም ሥራው ስማቸው ውስጥ ተቀምጦ ቀርቷል። «ክቡር» ግን ሰውየው ምን እንደሚሠራ አይነግረኝም። ከኔ በላይ መሆኑን ብቻ ነው የሚነግረኝ።

ማኅሌት ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ለጊዮርጊስ ክብረ በዓል ዋዜማ ሌሊት እዚሁ ሐይቁ ዳር ያለው ጊዮርጊስ ብትሄዱ ታዩታላችሁ። ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ መቋሚያ በአንድ እጅ፣ ጸናጽል በሌላው። በቀኝ የቆመውን የሚመራው ቀኝ ጌታ ነው፣ የግራውን ግራ ጌታ፣ የሁሉ አውራ መሪጌታው። አሰላለፉ ቁርጥ የድሮው ጦር ነው። ቀኙ ያነሣል፣ ግራው ይቀበላል፣ ከበሮው መሐል ላይ ይገባል። አንዱ ቢሳሳት መሪጌታው በዓይኑ ብቻ ይመልሰዋል። ሌሊቱን ሙሉ በቃል ነው፣ ወረቀት የለም። ያ ማዕረግ በደብዳቤ አልመጣም። በደበሎ፣ በቁራሽ፣ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው በእግር በመሄድ፣ ከዋሸራ እስከ ጎንጅ የቅኔ መምህር ደጅ በመጥናት ነው የመጣው። እና እኛ «አባባ» ብለን እንቆርጠዋለን።

በነገራችን ላይ ከጣና ማዶ፣ ፎገራ ናበጋ የተወለዱት ገብረ ሐና በቀልዳቸው ነው አገር የሚያውቃቸው። ግን ስማቸው መቼም ብቻውን አይጠራም። አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። የተክሌ አቋቋም የሚባለው ዝማሜ፣ ሊቃውንቱ በመቋሚያ ወዲያ ወዲህ እያሉ የሚዘምሩበት ሥርዓት፣ ከሳቸው የመነጨ ነው ይባላል፣ ስሙም ልጃቸው ተክሌ ስላስተማረው ነው የወጣለት። የሐይቁ ዳር ደንገል በነፋስ ወዲያ ወዲህ ሲል አይተው ነው የቀመሩት የሚልም ወግ አለ። ሕዝቡ ቀልዳቸውን እያወራ አንድ መቶ ምናምን ዓመት ሲኖር «አለቃ»ን ከፊታቸው አንሥቶት አያውቅም። ማንም አላስገደደውም። ፕሮቶኮል የለም፣ ወረቀት የለም። ማዕረግ ሲገባ እንዲህ ነው።

የሰው ትልቅነት በማዕረጉ ከፍታ አይለካም ለሚለውም ምስክር አለኝ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴን አስቡ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። በ1919 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ አገሪቱ ውስጥ ከሳቸው በላይ የሚፈራ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ራሶች ይፈሯቸው ነበር። ራስ ደግሞ ከፊታውራሪ በብዙ ይበልጣል። እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው ፊታውራሪ ናቸው። ዛሬ «ፊታውራሪ» ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሳቸውን ነው። ሰውየው ናቸው ማዕረጉን ያሳደጉት።

የኛው የጎጃሙ በላይ ዘለቀ ደግሞ አለ። አምስት ዓመት ሙሉ ጣሊያንን ሲያርበደብድ ንጉሥ አልሾመውም፣ አዋጅ አልወጣለትም። ለተከታዮቹ ግን ማዕረግ ይሰጥ ነበር ይባላል፤ አንዱን ራስ፣ አንዱን ደጃዝማች፣ አንዱን ፊታውራሪ። «አንተስ ምን እንበልህ?» ሲሉት እናቴ በላይ ብላኛለች፣ ከዚያ ወዲያ ምን እሻለሁ ማለቱን ሽማግሌዎች ሲያወሩት ሰምቼ ነው ያደግሁት። ሕዝቡ በፈረስ ስሙ አባ ኮስትር ይለዋል። ደጃዝማችነቱ የመጣው ከድሉ በኋላ ከንጉሠ ነገሥቱ ነው። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ በስቅላት ተቀጣ። ማዕረጉ ከገመዱ አላዳነውም። ዛሬ የከተማችን አውሮፕላን ማረፊያ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ይባላል። ከአውሮፕላን ወርዶ ወደ ከተማ የሚገባ ክቡር ሁሉ በዚያ ስም ሥር ያልፋል።

አንዳንድ ጓደኞቼ እንዲህ ይሉኛል፦ «አቶም እኮ ድሮ የትልቅ ሰው ነበር፣ ወይዘሮም የመሳፍንት ልጅ መጠሪያ ነበረች፤ ቀስ በቀስ ወርደው የሁሉም ሆኑ። ክቡርም እንደዚያ እየሆነ ነው፣ ምን አስጨነቀሽ?» ጥሩ ክርክር ነው፣ ብዙ አስቤበታለሁ። አቶና ወይዘሮ የወረዱት ግን እስከ ታች ድረስ ነው። ገበሬውም አቶ ነው፣ ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጠውም ወይዘሮ ናት።  ያ ዕድገት ነው፣ እሰየው። ክቡር ግን አልወረደም። መድረኩ ላይ ብቻ ተባዛ። ከመድረኩ በታች፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው አንድም አልደረሰው። ምርቃት ላይ እኮ ታዩታላችሁ። ከአዴት፣ ከመራዊ፣ ከደንበጫ በሌሊት ተነሥተው የመጡ ወላጆች አሉ። ነጠላዋን አጣፍታ፣ አበባ በጉያዋ ይዛ፣ ፀሐይ ግንባሯ ላይ እየወረደ ልጇን የምትጠብቅ እናት አለች። የመጀመሪያው ተናጋሪ ወጥቶ «ክቡር እገሌ፣ ክቡር እገሌ፣ ክቡር እገሌ» ይላል። ሁለተኛው ይወጣና ያንኑ ከላይ እስከ ታች ይደግማል። ሦስተኛው እንዲሁ። የልጇ ስም የሚጠራው ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ነው፣ እሱም በችኮላ፣ እሱም ተሳስቶ።

ደርግ የድሮውን ማዕረግ ሁሉ ጠራርጎ ሲያበቃ «ጓድ» አመጣ። ሐሳቡ እኩልነት ነው ተባለ። ግን «ጓድ ሊቀመንበር» ሲባል ማንም እኩል ነኝ ብሎ አላሰበም። ከዚያ ወዲህ «ክቡር» ተመለሰ፣ ምክር ቤቶቻችን ውስጥ ደግሞ «የተከበሩ» ቦታውን ያዘ። ፕሬዝዳንት ሳህለወርቅ ዘውዴ በ2011 ዓ.ም. ሲመረጡ «ክብርት» የሚለው በየዜናው ይሰማ ጀመር፤ በጣም ደስ ብሎኛል። ከዚያ በፊት «ክቡር ወይዘሮ» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ይሰጡኝ ነበር። አሁንም ቢሆን ይሰጡኛል። ሴት ኃላፊ ከሆነች ክብርት ናት፣ ለዚህ ክርክር አያስፈልግም።

ሌላም የሚደባለቅ ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲዎች ለአገር ውለታ ለዋሉ ሰዎች የሚሰጡት «የክብር ዶክትሬት» ነው። በክብር የተሰጠ ማለት ነው። እኛ ግን አዙረን «ክቡር ዶክተር» እንላለን። ጥላሁን ገሠሠን እንዲያ እንለዋለን። ሐዲስ ዓለማየሁንም እንዲያ እንላቸዋለን፤ በሳቸው ግን ነገሩ ይለያል፣ ሚኒስትርም አምባሳደርም ነበሩና ክቡርነቱ ከወንበሩ፣ ዶክተርነቱ ከዩኒቨርሲቲው ነው። በጥላሁን ላይም የማነሣው ክርክር የለኝም፣ ሕዝቡ በፍቅር የጨመረው ነው። መድረክ መሪ ግን ልዩነቱን ማወቅ አለበት። «ክቡር ከንቲባ»ም እንዲሁ ነው። ከንቲባ ራሱ ጥንት በጎንደር የታወቀ ማዕረግ ነው። ማዕረግ ላይ ማዕረግ እየደረብን ነው።

ሰው «ክቡር ካላልሽ ንቀሽኛል» ሲለኝ ደግሞ አማርኛችንን የረሳው ይመስለኛል። አማርኛ አክብሮትን ግሡ ውስጥ ከትቶታል። «መጣ» እና «መጡ» አንድ አይደሉም። አንተ አለ፣ አንቱ አለ፣ እርስዎ አለ። ገጠር ብትሄዱ ትልቅ ወንድም አያ ነው፣ ስሙ ብቻውን አይጠራም። ከተማ ውስጥ ጋሼና እትዬ አሉ። ባጃጅ ነጂው እንኳ የማያውቀውን ሽማግሌ «ፋዘር ይግቡ» ይላል እንጂ «ግባ» አይልም። ስለዚህ «የቢሮው ኃላፊ አቶ እገሌ ንግግር ያደርጋሉ» ብዬ ስጠራ ምንም አልጎደለም። ሥራው ተነግሯል፣ ስሙ ተነግሯል፣ አክብሮቱ «ያደርጋሉ» ውስጥ አለ።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። «ክቡር» እና «ክብርት» ለሚኒስትር፣ ለአምባሳደር፣ ለክልሉ ርእሰ መስተዳድርና በዚያ ደረጃ ላሉ ሰዎች እላለሁ፣ እሱንም በፕሮግራሙ መጀመሪያ አንዴ። ከዚያ በኋላ ሁሉም በሥራቸውና በስማቸው ይጠራሉ። ለተናጋሪዎች ደግሞ ቀደም ብዬ «ሰላምታውን እኔ ለሁላችሁም አቀርባለሁ፣ እናንተ ቀጥታ ወደ ንግግራችሁ ግቡ» እላቸዋለሁ። አብዛኞቹ ደስ ይላቸዋል። አንዳንዱ ይኮሳተራል። አንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት የተያዘ ሥራ ተሰርዞብኛል፤ የሰረዘውን አልጠራም፣ ግን አቋሜን አልቀየርኩም።

አዘጋጆች ብትሆኑ ዝርዝሩን ከፕሮግራሙ አንድ ቀን በፊት ላኩልኝ። ከባለሥልጣናቱ ይልቅ የሌሎቹን ነገር በደንብ ጻፉልኝ። መሪጌታ ከሆኑ መሪጌታ፣ ሊቀ ሊቃውንት ከሆኑ ሊቀ ሊቃውንት፣ የየትኛው ደብር እንደሆኑም ጨምሩ። ሼህ ከሆኑ ሼህ፣ መካ ደርሰው ከመጡ ሐጂ በሉ። አርበኛ ከሆኑ፣ ወይም ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ መምህር ከሆኑ ያንንም ጻፉ። አዋላጅ ነርስ ካለችም ጻፉልኝ፣ እሷን ባዋለደችው ሕዝብ ፊት በደንብ አድርጌ ነው የምጠራት። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ራሳቸውን ጠይቋቸው፤ ስልክ ደውሎ «እንዴት ብለን እንጥራዎ?» ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የቡድን መሪውን ክቡር ለማለት ግን እስክሪብቶ አታንሡ።